የሺ በሦስት ዩሮ

ቅዳሜ ማለዳ፣ በጌንት ከተማ፣
ሰማዩ ተኮሳትሮ ካፊያ ሲያሰማ፣
ሁለት ፌስታል ይዤ ትራም ተሳፈርሁ፤
ማንጠልጠያው ጣቴን ሲቆርጠኝ እጅ እያፈራረቅሁ።

ትናንት ማታ አጥቤ፣ ተኩሼ፣ አጣጥፌ፣
የላላ ቁልፍ ሰፍቼ፣ ክር ለቅሜ፣ አራግፌ፣
ለባዳ እንደምትዳር ልጅ አሰናድቼ፣
«ሃምሳ ዩሮ አላጣም» ብዬ ተመኝቼ፣
ሃምሳውን በሐሳቤ ለመብራት ከፍዬ፣ ለጫማ አጥፍቼ።

ሱቁ ከቦዩ ማዶ፣ ዳቦ ቤቱ አጠገብ፤
መስኮቱ ላይ ጽሑፍ፦ «ልብስዎን እንገዛለን፣ በተመጣጣኝ ገንዘብ።»
የሚመጣጠነው ከማን ጋር እንደሆን
አልጻፉም። እኔም አልጠየቅሁ፣ ያን ቀን።

ቁጥር ያዝሁ። አሥራ ሰባት። ገና አራት ላይ ናቸው።
ከፊቴ ተደርድረዋል፣ ሻንጣ በእጃቸው።
አንድ አዛውንት አሉ፣ የሴት ካፖርት ያቀፉ፣
ጆሯቸው ከዳቸው መሰለኝ፣ ተራቸውን ያሳለፉ።

ሊስቤት ትባላለች፤ ደረቷ ላይ ስሟ፤
ነጭ ጓንት ያጠለቀች፣ ሐኪም ነው አቋሟ።
ሸሚዙን አነሣችው፣ ወደ ብርሃን ያዘችው፣
ብብቱን አሸተተች፣ እኔ ፊት! መለሰችው።
«አንገቱ ቢጫ ብሏል።» ሱሪውን፦ «ጉልበቱ ሳስቷል።»
ሹራቡን፦ «ክሩ ተንጨባሯል።» ቀሚሱን፦ «ዘመኑ አልፎበታል።»
የክረምት ቡትሴን ሳወጣ፦ «እሱ ገና ነው።»
ነጠላ ጫማዬን፦ «እሱማ ያለፈ ነው።»
በገናና ባለፈ መሃል፣ እንደ ክር የቀጠነች፣
ለእኔ የምትሆን ቀን የት ነው የተደበቀች?

«ይቺስ?» አልኋት፣ አረንጓዴ ጃኬቴን አውጥቼ፣
ሥራ የቀጠሩኝ ቀን የለበስኳት፣ በብድር ገዝቼ፣
የውስጥ ኪሷ ሲቀደድ አረንጓዴ ክር አጥቼ
በቀይ የጠገንኳት፣ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አምሽቼ።
ገለበጠች። ዘረጋች። ትከሻዋን ለካች።
«ሦስት ዩሮ» አለች።

«ሦስት?» «ሦስት።» «ለትራሙ እንኳ...» ብዬ ሳልጨርስ፣
ቁጥር አሥራ ስምንት ጀርባዬ ላይ ሲተነፍስ፣
መርካቶ ብሆን ኖሮ ምላሴ ያውቅበታል፤
እዚህ ግን ቃሉ ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ይሰነቀራል።

ደረሰኝ ልትጽፍልኝ፦ «ስምሽ?» «የሺሐረግ።»
ብዕሯ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ ግራ ገባው በወግ።
«በቃ፣ የሺ በይው» አልኋት፣ ላሳጥርላት ብዬ።
እንዲህ ሆኖ ወጣ፦

        የሺ — ሦስት ዩሮ

ሺህ ተመኝታ የሺ ያለችኝ እናቴ
ብታየው፣ «ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሰባቱስ የት ገባ?»
ትለኝ ነበር፣ በሞቴ።

ጥግ ላይ ቢጫ ሣጥን አለ፣ አፉ የማይሞላ፣
ስም ሳይጠይቅ፣ ብብት ሳያሸት የሚበላ፤
የተረፈኝን ሁሉ አጎረስኩት።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ከሥራ ስመለስ፣
መስኮቱ ውስጥ አየኋት፤ ራስ የሌላት አሻንጉሊት ላይ፣ ደስ
የምትል ሆና። አረንጓዴዋ። የእኔዋ።
አንገቷ ላይ በክር የታሰረች ወረቀት፦
ሠላሳ ስምንት።
ስሕተት እንዳይሆን ሁለቴ አነበብኩት።

ገባሁ። ደወሉ አቃጨለ። ሊስቤት አላወቀችኝም።
«ልሞክራት?» አልኋት። «ለምን አይሆንም?»
መስተዋት ፊት ቆምሁ፤ ትከሻዋ ትከሻዬን ያውቀዋል፤
ክርኗ፣ ክርኔ በሚታጠፍበት በኩል ታጥፏል።
እጄን ወደ ውስጥ ኪሷ ሰድጄ ዳበስኩት፣
ያን ቀይ ክር፣ ያን ሌሊት የቋጠርኩት።

ሊስቤት ከኋላዬ መጣች፣ ጓንቷን እያወለቀች፣
በአድናቆት ራሷን እየነቀነቀች፦
«ለአንቺ የተሰፋች ትመስላለች» አለች።

አውልቄ ሰቀልኳት። ቁልፎቿን ቆለፍኩላት፣ እንዳይበርዳት።
ስወጣ መስቀያውን ሁሉ በዓይኔ አሰስኩት፤
የአዛውንቱን ካፖርት ፈለግሁ፣ አጣሁት።
ለካስ ያን ዕለት
ቁጥራቸው ሲጠራ ሰምተዋል።